ያልተሸጠው ዋጋ

ታይ ወንዝን ዝናቡ በአግድም ሲገርፈው፣
የኤድንብራው ባቡር ድልድዩን ሲያልፈው፣
ደንዲ ደረስሁና፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣
አክስቴ ኢሽቤል ነች በር ላይ የምትጠብቅ፤
መነጽሯ በግንባር፣ በእጇ ደብዳቤ፣
«ና ግባ» እንኳ ሳትል፣ ሳትጠይቅ ስለ ርሃቤ፦
«ከመቶው ፓውንድ ላይ አሥራ ሦስት የት ገባ?
አይነቃነቅም ያልከኝ፣ አንተ ሌባ!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጁት ጆንያ ሸምና፣
ፋብሪካው ሲዘጋ ጆሮዋን እዚያው ጥላ የወጣች ናትና፣
ጮኬ ነው የማስረዳት።

«ቦንድ እኮ፣ አክስቴ፣ የብድር ቃል ነው፤
በዓመት ሁለት ጊዜ ወለድ የሚያመጣው፣
ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ዋናው የሚገባው።
በሁለት ከመቶ ዓምና አበደርሽ እንበል፤
ዘንድሮ ባለ አምስቱ ደጅ ላይ ቆሞ ሲውል፣
ያንቺን በሙሉ ዋጋ ማን ጅል ይገዛዋል?
ካልረከሰ በቀር ማን ዞሮ ያየዋል?
ባንድ ገመድ ታስረው እንደ ሁለት ባልዲ፣
ወለድ ሽቅብ ሲወጣ፣ ዋጋ ቁልቁል፣ እንግዲ።»

«ተበዳሪው ካደ?»
«አልካደም።»
«ወለዱስ ቀረ?»
«አንድ ፔኒ አልቀረም።»
«ታዲያ ምኑ ነው የጠፋው?»
«ዛሬ ብትሸጪው የምታገኚው።»
«ማን ልሽጥ አለ?»

ዝርዝሩን ዘረጋሁ ከሻይ ጽዋው አጠገብ፦
ስምንት ሺህ ብድር፣ የመንግሥት፣ የባንክ፣ የባቡር ሐዲድ፣
ፈንዱ ሁሉንም አይገዛም፤ እየመረጠ ይይዛል፣
የትልቁን መዝገብ ጥላ እየተከተለ።
ጣቷን አስኬደችበት፣ የተበጠሰ ክር እንደምትፈልግ።
«ከዚህ ውስጥ ስንቱ ተሸጠ ዛሬ?»
ዝም አልሁ።
«ስንቱ?»
«ከአምስት አንዱ… ምናልባት።»
«የቀረውን፣ ሻጭ ሳይጠራው፣ ገዢ ሳይዳብሰው፣
ዋጋው ይህ ነው ብሎ የነገረህ ማነው?»

እኔ ነኝ።
ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በሦስተኛው ፎቅ፣
ያልተነካውን ቦንድ በጎረቤቱ የምገምት፦
ዕድሜው የሚቀራረብ፣ ተበዳሪው የሚመሳሰል፣
ትናንት የተሸጠ ወንድሙ ስንት አወጣ?
ደምሬ፣ ዕዳውን ቀንሼ፣ ለባለድርሻው አካፍዬ፣
እስከ ሣንቲሟ ጽፌ እልካለሁ፣
እርግጠኛ የሆነ ሰው መስዬ።

ሳቀች። ሳሏ እስኪያፍናት ሳቀች።
«ክራይተን! ሚስተር ክራይተን፣ የጨርቁ መርማሪ!
መቶ ጥቅል ጆንያ ፊቱ ተቆልሎ፣
የላዩን ብቻ ነበር በአውራ ጣቱ የሚያሸው፣
ለሁሉም ዋጋ ጽፎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይሄዳል።»
«ይሳሳት ነበር?»
«ደህና ቀን፣ በፔኒ። መጋዘኑ የተቃጠለ ዕለት፣ በፓውንድ።»

አልነገርኋትም ገበያ የደነገጠበትን ሳምንት፣
ፈንዱ አደባባይ ላይ ከኔ ቁጥር በታች ሲሸጥ፣
አለቃዬ «ገበያው አበደ» ሲል፣
እኔ ግን ሌሊት ነቅቼ የጠረጠርሁትን፦
እሱ ዛሬን አይቶ ነው፤ እኔ ትናንትን።

«ይመለሳል» አልኋት፤ «የሚመጣው ወለድ
ባለ አምስቱን እየገዛ፣ ወለድም ሲወልድ፣
ስድስት ዓመት ግድም፣ ሳትነኪው ከቆየ…»
ቃሉ ካፌ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ታየ።

ሰባ ዘጠኝ ናት።
በጣቷ ቆጠረች፣ አንድ እጅ ሞላ፣ ከሌላው አንድ ተበደረች።
«ሰማንያ አምስት» አለች ለወንዙ።

«እያንዳንዱ ቦንድ ቀን አለው አልከኝ፤
ፈንዱስ?»
«ቀን የለውም። አንዱ ሲከፈል ሌላ ይገዛበታል።»
«እንግዲያ ዛሬ የሚሸጥ ነገር የለም።
በስምህ አዙረው፤ እኔ ባለቀኗ ነኝ።
አሁን ካፖርትህን አውልቅ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።»

በማግስቱ አሥር ሰዓት፣ ቁጥሮቹ ተሰልፈው፣
ያልተሸጡት ሁሉ ዋጋ ሲጠብቁኝ፣
አውራ ጣቴን አገኘሁት
ጠረጴዛውን ሲያሽ፣
ቀስ ብሎ፣
የጨርቁን ክር እንደሚሻ።